ሶፋው ኩርባው ላይ የተቀረቀረ ዕለት

እዚህ ሰፈር የገባን ሰሞን ባሌን «ሦስት ወር ታገስ፣ ከዚያ እንወጣለን» እያልኩ አሳብጄው ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሞላን። አሁን የሚያስወጣኝ ሰው ቢመጣ የበሩን መቃን ይዤ የምጮኸው እኔው ነኝ።

ሰፈሩን ሲሠሩት «መኪና የማይገባበት፣ ሁሉም ነገር በእግር የሚደረስበት» ብለው ነው። አልዋሹም። ከሱቄ ዳቦ ቤቱ ሃያ ሰባት እርምጃ ነው። ከዳቦ ቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ መድኃኒት ቤቱ አለ፣ ከሱ ማዶ ደግሞ የልጄ ትምህርት ቤት። ድሮ አስፋልት ዳር ስሠራ ደንበኛው ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ዋጋ ይጠይቀኝና እብስ ይል ነበር። እዚህ ሰው በእግሩ ነው የሚያልፈው። በእግሩ የሚያልፍ ሰው ይቆማል፣ የቆመ ሰው ጨርቁን ይነካል፣ የነካ ሰው ቁጭ ብሎ ይሞክራል። አንዴ ቁጭ ካለ ደግሞ የኔ ነው።

ጣጣውም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ሁሉ ነገር ቅርብ ሲሆን ሰውም ቅርብ ነው። ከባሌ ጋር የተኳረፍኩ ዕለት ዳቦ ጋጋሪዋ ገና በሩን ሳላልፍ «ዛሬ ደግሞ ምን አደረገሽ?» ትለኛለች። መንገዱም ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ከተገናኘ አንዱ ማጠፍ አለበት። እኔ እስከ ዛሬ አጥፌ አላውቅም።

ሶፋ ሠሪ ነኝ። ትምህርት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው ያየሁት፣ ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሁለት ነገር አጥብቆ ነግሮኛል። አንደኛው፣ ሶፋ ወጥ ሆኖ ይሠራል፤ የተቀጠለ ሶፋ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። ሁለተኛው፣ የሶፋን ውስጥ ለሰው አታሳዪ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ሆድ ዕቃ ለሰው ይታያል እንዴ? ነውር ነው» አለኝ፣ በቃ።

ነገሩን ያመጣው የሰፈሩ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ፋርማሲስቱ ነው፤ በነጭ ጋውኑ ከች ሲል መርፌ ሊወጋን የመጣ ይመስላል። አንድ ሰኞ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ወረቀት አነበበልኝ።

«እትዬ፣ ከባድ ዕቃ የሚሠሩ ሱቆች ዕቃቸውን መንገድ ሳይዘጉ በሰው ማውጣት ካልቻሉ ከሰፈር ውጭ ወዳለው የፋብሪካ ቦታ ይዛወራሉ።»

«እኔ ፋብሪካ ነኝ?»

«ባለፈው ወር ቁም ሳጥን ሠሪው መንገድ ዘግቶ ስንት ሰው ተጉላላ!»

«እሱ ሌላ፣ እኔ ሌላ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት አሳዪና። ሰፈሩን የነደፈችው ኢንጂነር ትመጣለች፣ ውሳኔው የሷ ነው።»

የፋብሪካው ቦታ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ማን ያያታል? ደግሞስ እዚያ ማን በእግሩ አልፎ ቁጭ ይልልኛል? ሱቁ ከሄደ አለቀልኝ ማለት ነው። ባሌ ግን «ቅዳሜ እኮ የጋሼ ዳይሬክተርን ሶፋ የምናደርስበት ቀን ነው፣ በሱ እናሳያቸው» አለኝ። ጎሽ አልኩት። በዓመት አንዴ ነው ጎሽ የምለው።

ጋሼ ዳይሬክተር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። አምና ዳሌያቸው ተሰብሮ እስካሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። «ልጄ፣ የሶፋውን ክንድ ወፈር አድርጊልኝ፣ ስነሳ እሱን ነው የምደገፈው» ብለውኛል። ቤታቸው ከሱቄ መቶ እርምጃ አይሞላም። መሀል ላይ ግን አንድ ኩርባ አለ። ኩርባው ላይ ፋርማሲስቱ ያስገነባው፣ ደረት ድረስ የሚመጣ የድንጋይ የአበባ መደብ አለ። ሶፋውን አቁመን እንዳናሳልፈው ከላይ በረንዳዎቹ ዝቅ ብለዋል።

እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም። ማክሰኞ ዕለት ጨርቁን ሳላለብሰው ባዶ እንጨቱን ተሸክመን ሞከርነው። አራት ጣት ተርፎት አለፈ። ባሌ «በደንብ ለካሽ?» አለኝ። «ከኢንጂነር አላንስም» አልኩት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አቀርቅሬ ስፖንጅ ሞላሁበት፣ ጨርቅ አለበስኩት፣ ክንዱን እሳቸው እንዳሉኝ አወፈርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ባሌና ወንድሙ ከፊት፣ እኔና ዳቦ ጋጋሪዋ ከኋላ ሆነን አነሳነው። ዳቦ ጋጋሪዋን የዱቄት ጆንያ ነው ያፈረጠማት፣ ሁለት ወንድ ታስንቃለች። ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ይዞ ይከተለናል። ኢንጂነሯ አጠገቡ ናት፤ ገና ልጅ ነገር ናት፣ ነጭ ጫማ አድርጋለች።

ኩርባው ላይ ስንደርስ ሶፋው ቀጥ አለ።

«ግፉ!» አልኩ። ስፖንጅ አይደል፣ ይታመቃል ብዬ ነው። ገፋን። ታመቀም፣ ገባም፣ እንደ ቡሽም ተወተፈ። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ።

ያኔ ነጭ ላብ አጠመቀኝ። ክንዱን በአንድ ወገን ሦስት ጣት፣ በሌላው ሦስት ጣት አወፍሬዋለሁ። ስድስት ጣት! ማክሰኞ የተረፈኝ አራት ነበር። አጥንቱን ለክቼ ሥጋውን ረስቼዋለሁ።

«ያው ተዘጋ» አለ ፋርማሲስቱ፣ ሰዓቱን አይቶ እየጻፈ።

ወዲህም ወዲያም ሰው ተሰበሰበ። በወዲያኛው በኩል ጋሼ ዳይሬክተር በከዘራቸው ብቅ አሉ። «ልጄ፣ ሶፋዬ መጣ እንዴ?»

«ግማሹ መጥቷል ጋሼ!» አለ ባሌ ከማዶ።

«እንግዲያው ግማሹ ላይ ልቀመጥ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ባሌ በሶፋው ላይ አንገቱን አሻግሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፍቺው።»

«ምኑን?»

«በአንቺ በኩል ያለውን ክንድ። ሦስት ጣት ከወረደለት ያልፋል።»

«ይሄ ሁሉ ሰው እያየ?»

«ታዲያ ዓይናቸውን ጨፍኑ ልበላቸው?»

ግግም ልል ነበር። ግን ጋሼ ዳይሬክተርን አየኋቸው። የሚቀመጡበት አጥተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ያን ሁሉ በእግር የሚኬድበት መንገድ ሲሠሩ አንድ ማረፊያ አላስቀመጡም። አባቴን በሆዴ ይቅርታ ጠየቅሁና ፒንሳዬን አወጣሁ። ምስማሩን አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ ጨርቁን ገለበጥኩ፣ የሶፋዬን ሆድ ዕቃ መንገድ ላይ ዘረገፍኩት። ፊቴ እሳት ሆነ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ሁሉ ስፖንጅ ነው?»

«ምን መስሎሽ ነበር?»

«እኔማ ቤቴ ያለው ሶፋ ሲቀደድ ውስጡ አሮጌ ጆንያ ነው ያገኘሁት! እንጨቱን እዩልኝ፣ አንድ ቀዳዳ የለው! ለኔም እንዲህ ያለውን ትሠሪልኛለሽ፣ ሰምተሻል?»

ከኋላዋ ሌላዋ «ከሷ ቀጥሎ ለኔ» አለች። አባቴ ይሄን ሳያይ ሄደ።

ክንዱ ሲራቆት ሶፋው አንድ ጣት ተርፎት ሹልክ ብሎ አለፈ። ጋሼ ዳይሬክተር ደጅ አስቀምጠነው እሳቸውን በወዲያኛው ጫፍ አሳረፍናቸውና የፈታሁትን ክንድ እዚያው አለበስኩት። ሰዉም አልሄድ አለ፣ ከቦኝ ያያል።

«ሠላሳ አምስት ደቂቃ መንገድ ተዘግቷል» አለ ፋርማሲስቱ።

«ማክሰኞ ባዶውን ስናሳልፈው እኮ አራት ጣት ተርፎት ነበር» አልኩ። ኢንጂነሯ ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ ማክሰኞ ባዶውን ሲያሳልፉት ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

«ሰላምታው ባይበዛ ሁለት ደቂቃ።»

«ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ባዶውን አያወጡትም? ማልበሱን እንዲህ ደንበኛው ቤት ቢያደርጉትስ?»

ልክ ናት። ልክ ነሽ ማለት ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ ሶፋው ተቀረቀረብኝ። «እሞክረዋለሁ» አልኩ፣ መዶሻዬን እያየሁ።

ጋሼ ዳይሬክተር በዚህ መሀል ከዘራቸውን ወደ ኢንጂነሯ ከፍ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ አምና እኔን በቃሬዛ ሲያወጡኝ እዚችው ኩርባ ላይ ነው ያወረዱኝ። አልዞር አለ። የቀረውን በሰው ጀርባ ታዝዬ ነው የሄድኩት።»

ኢንጂነሯ ወደ ኩርባው ተመልሳ ሄደች። ሜትሯን ዘርግታ ኩርባውን ለካች፣ መደቡን ለካች፣ ደግማ ለካች። «እኔ ስነድፈው ይሄ መደብ አልነበረም» አለች።

«ለውበት ነው» አለ ፋርማሲስቱ።

«ለውበት» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ አፏን አጣማ።

ኢንጂነሯ ወረቀቱን ከፋርማሲስቱ ተቀብላ እዚያው ጋሼ ደጃፍ ላይ ጻፈችበት፦ ሱቁ ባለበት ይቆያል፤ ሶፋ ባዶውን ይወጣል፣ ደንበኛው ቤት ይለብሳል፤ መደቡ ይፈርሳል፤ በቦታው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ቀጭን መቀመጫ ይሠራል። ይሄን የመጨረሻውን እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። ቀጭን የሚለውን ደግሞ ባሌ ነው ያስጨመረው፣ እኔ እንዳላወፍረው ፈርቶ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ፋርማሲስቱ ያለ ጋውኑ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ መደቡን ላፈርስ ነበር፣ መዶሻ የለኝም።»

ትልቁን መዶሻ አውጥቼ ሰጠሁት። ሁለት እርምጃ ሄዶ በየት በኩል እንደሚይዘው ማሰብ ሲጀምር አላስቻለኝም። ሱቄን ገርበብ አድርጌ ተከተልኩት።