የዊልኪን ክርን

ዴልማር ክሩገር ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ከመቅመሱ በፊት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ማን ታመመ? የሚጨነቀው ለዘመድ አዝማድ አይደለም፤ ለሚወደው የቤዝቦል ክለብ ተጫዋቾች ነው። ጋዜጣውን ከደጃፉ ያነሳና የፊተኛውን ገጽ ዘሎ የዚህ ጉልበት አበጠ፣ የዚያ የጎን ጡንቻ ተሸመቀቀ፣ ያኛው ሻንጣ ሲያነሳ ወገቡን ያዘው እያለ ለሚስቱ ያረዳል። ማርሊስ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች "እግዜር ይማረው" ትላለች፤ ማንን እንደሆነ ግን ሰምታ አታውቅም።

"የዛሬ ልጆች ብርጭቆ ናቸው" ነበር የዴልማር ማሳረጊያ። "ድሮ ሰው ክንዱ እስኪገነጠል ይወረውር ነበር።"

እሱ ራሱ ዕድሜውን የጨረሰው በእህል ጎተራ በቆሎ ሲያስጭንና ሲያራግፍ ነው። ኳስ የወረወረውም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ብቻ ነበር።

የሚኖሩት ኬልበርን ነው፤ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የአዮዋ ከተማ ናት። ቡድኗ ጀልበኞቹ ይባላል። ዴልማር በጋዜጣ የሚከታተለው የትልቁ ክለብ ለጋ ተጫዋቾች የሚበስሉበት ቡድን ስለሆነ፣ የበሰለው ወደ ላይ ይወጣል፣ ያልበሰለው ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ዴልማር በየዓመቱ በረዶው ቀልጦ ጨዋታ ሲጀመር ከመካከላቸው አንዱን ይመርጥና "ይሄኛው ነው፤ ይሄኛው ትልቅ ቦታ ይደርሳል" ይላል። አንዱ የእጅ አንጓው ተሰበረ። ሌላው እንደ አጋዘን የሚሮጥ ልጅ ነበር፤ የጭኑ ጅማት ሁለት ጊዜ ተበጥሶ መጨረሻው መኪና መሸጥ ሆነ። በሜዳው ሁልጊዜ አጠገቡ የሚቀመጠው ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ኦርቪል ሽሚትዝ በዚህ ሲቀልድበት ኖሯል።

"ዓይንህ ነው" ይለዋል። "አንተ የወደድከው ሁሉ ወጌሻ ቤት ያድራል። እባክህ አንድ ዓመት እንኳ የባላጋራውን ልጅ ውደድልን።"

በዚያ ዘመን ክለቡ ተጫዋቾቹን በከተማው ቤተሰቦች ዘንድ ያሳርፍ ነበር። ማርሊስ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጡረታ ወጥታለች፤ ልጆቿም አግብተው ሄደዋል። ምድር ቤቱ ባዶውን ከሚሻግት ብላ ባሏን ሳታማክር ተመዘገበች። ሚያዝያ ላይ፣ ያለ ወቅቱ በረዶ እያካፋ፣ ዊልኪን ታቬራስ የሚባል ረጅም ቀጭን ልጅ በስስ ጃኬት በራቸው ላይ ቆመ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ባኒ ከምትባል ከተማ ነው የመጣው። ማርሊስ ስሙን ሳትጠይቀው የዴልማርን የአደን ካፖርት አለበሰችው።

ልጁ በአገሩ ደንብ እሱን "ዶን ዴልማር"፣ እሷን "ዶኛ ማርሊስ" ይላቸው ጀመር። ጌታዬና እመቤቴ እንደማለት ነው። ዴልማር በጎተራው ያ ሁሉ ዓመት ሠርቶ እንዲህ ያለ ማዕረግ አግኝቶ አያውቅም፤ ደስ አለው። ኦርቪል ይህን የሰማ ቀን "ዶን፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ" ሲለው ዋለ።

ዊልኪን ወርዋሪ ነው። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ አይታይም፤ መቺው ዱላውን ሲያወናጭፍ ኳሱ ቀድሞ ከቀላቢው ጓንት ገብቶ ተኝቷል። ዴልማር የመጀመሪያውን ጨዋታ አይቶ ሲመለስ ኮፍያውን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ቆሞ "ይሄኛው ነው" አለ፤ ማርሊስም የአሁኑን ሰማችው። ከዚያ ወዲህ እሷ ልጁን ትቀልበዋለች፤ ባሏ ደግሞ ከምሳ በፊት ጓሮ ይወጣና ልጁ እጁን ለማፍታታት የሚወረውርለትን ኳስ ይቀልብለታል። መዳፉ ይቀላል፣ ያብጣል፤ አንድ ቀን አሞኛል አላለም። ማርሊስ ድንች እየላጠች በመስኮቱ ስታያቸው ሽማግሌው ኳስ በያዘ ቁጥር ትከሻው ቀና ሲል ታያለች።

ነሐሴ ሲመጣ ጀልበኞቹ ለዋንጫ ተቃረቡ። የዴልማር ጢም ጥቁር ከነበረበት ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር በኬልበርን ታይቶ አያውቅም። ሱቆቹ ሰማያዊ ባንዲራ ሰቀሉ፤ ፓስተሩም በስብከቱ መካከል ስለ ዊልኪን ቀኝ እጅ አንድ ቃል ጣል አደረገ።

በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ልጁ በልቶ ሲወጣ፣ ማርሊስ ሳህኑን እያነሳች "ወተቱን በግራው ነው የቀዳው" አለች።

"በግራ መቅዳት በሽታ ነው እንዴ?"

"ትናንት ሸሚዙንም በግራው ሲቆልፍ አይቻለሁ። የፈለገውን ያህል ቢታገል ቀኙን አላነሳውም።"

"ደክሞት ነው። ሁሉም ይደክማቸዋል በዚህ ጊዜ።"

ማርሊስ ሳህኑን አስቀመጠችው። "ዴልማር፣ አንተ በዓይንህ አይተሃቸው የማታውቃቸውን ሰዎች ጉልበት ጠዋት ጠዋት ታነብልኛለህ። እቤትህ ያለውን ክርን ግን አታይም።"

ዴልማር ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ። ከምሳ በፊት እንደ ልማዱ ጓሮ ወጡ። የመጀመሪያው ኳስ ደህና ነበር። ሁለተኛው ተንሳፍፎ መጣ። ሦስተኛው ወደ ጎን ሄዶ የማርሊስን ቲማቲም መታው፤ ልጁም ፊቱን ለአፍታ ወደ አጥሩ አዞረ። ሲመለስ እየሳቀ ነበር፤ ፀሐዩ ነው ብሎ ቀለደ። ዴልማርም ፀሐዩ ነው አለ። ኳሱን ከቲማቲሙ ሥር ሲያነሳ ግን ጎንበስ ብሎ ከሚገባው በላይ ቆየ።

በማግስቱ ዊልኪን ወርውሮ ቡድኑን ለፍጻሜው ጨዋታ አበቃ። ከተማው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ዴልማር ግን ሲያይ የነበረው ልጁ ተራው እስኪደርስ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ፣ በዚያ በነሐሴ ሙቀት፣ ቀኝ እጁን ጃኬት ኪስ ውስጥ ከትቶ መቀመጡን ነው። ኦርቪል ጀርባውን መታ መታ አደረገውና ቅዳሜ ዋንጫውን እሱ ነው የሚያመጣልን አለ። ዴልማር ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ብሎ አሰበ፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ቢችልልን። ይህን ማሰቡን ሲያውቅ የኦቾሎኒውን ከረጢት ለኦርቪል አቀብሎ ተነሳ።

በነጋታው ጠዋት ልጁ ወደ ሜዳ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ዴልማር አጠገቡ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እጅህን አሳየኝ አለው። ዊልኪን ደህና ነኝ ብሎ ሊነሳ ሲል ዴልማር ክንዱን በቀስታ ያዘው። ክርኑ እንደ ዳቦ አብጦ ይፋጃል። ቀጥ አድርገው ቢለው ልጁ አልቻለም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሐምሌ ላይ የነጻነት ቀን ርችት ከተተኮሰ ሰሞን ጀምሮ። ትንሿ ጣቴ ደንዝዛ አሁን አትሰማም።"

"ለምን ዝም አልክ?"

ዊልኪን መሬት መሬት እያየ ተናገረ። እንደ እሱ ያሉት ብዙ ናቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ከአውሮፕላን ይወርዳል። ያመመው ወደ ቤቱ ነው የሚላከው። እናቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ በቴሌቪዥን ሊታይ ነው ብላ ነግራለች። ከዚያ፣ ቅያሜ በሌለበት ድምፅ፣ "ደግሞም እኔ ብርጭቆ አይደለሁም፣ ዶን" አለ።

ዴልማር ቃሉን ወዲያው አወቀው። ልጁ እንግሊዝኛ የለመደው እዚሁ ገበታ ላይ፣ ከጋዜጣው ጋር አብሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ስንቱን ሰው ብርጭቆ ሲል ይህ ልጅ ዳቦውን እያኘከ ይሰማው ነበር።

የልጁን ክንድ ቀስ ብሎ ለቀቀና "እኔ ብዙ ነገር እላለሁ" አለ። "በቆሎ ጫኝ ነበርኩ እንጂ ሐኪም አልነበርኩም። ተነስ፣ መኪና ውስጥ ግባ።"

ዴልማር ሜዳው ድረስ ነዳ። ከተጫዋቾቹ መግቢያ ፊት አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

"ገብቼ አልናገርብህም" አለ ዴልማር። "አፍህ የራስህ ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ።"

"ለቡድኑ ወጌሻ ብነግረው ቅዳሜ አልጫወትም።"

"አውቃለሁ።"

"ዋንጫውን ግን እርስዎ ያን ያህል ዘመን..."

"አውቃለሁ አልኩህ።" ዴልማር በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ሂድ፣ ልጄ።"

ዊልኪን ረጅም ጊዜ አልተነቃነቀም። ከዚያ ግራ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ በሩን ከፈተና ወረደ። ዴልማር ፀሐዩ የመኪናውን ጣሪያ እስኪያግል ድረስ እዚያው ጠበቀው። ልጁ ሲወጣ ክንዱ በነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ ግን ሸክም እንዳራገፈ ሰው ፊት ነበር። ጅማቱ ተበጥሷል፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። የክለቡ ሐኪም ቅዳሜ ወርውረህ ቢሆን አጥንቱም ይከተል ነበር ብሎታል።

ቅዳሜ በእሱ ፈንታ አንድ ወፍራም የካንሳስ ልጅ ወረወረ። የአቅሙን ቢታገልም ወደ ማብቂያው መቺዎቹ ኳሱን ይደበድቡት ጀመር። ኦርቪል ጉንጩን ነፍቶ፣ ልጅህ ዛሬ ቢኖር ኖሮ ይህ ውርደት አይደርስብንም ነበር አለ።

"እኔ ነኝ መኪና ውስጥ አስገብቼ ወጌሻው ጋ የወሰድኩት" አለ ዴልማር።

ኦርቪል ዞሮ አየው። ከዚያ ተነስቶ አንድ ወንበር ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ተኳርፈው ጥቂት ዙሮችን አዩ። ሽንፈቱ ቁርጥ ከሆነ በኋላ፣ ሕዝቡ ወደ መኪናው ሲያዘግም፣ ኦርቪል ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

"ኦቾሎኒ ትፈልጋለህ?"

"አምጣ።"

"የእኔ ልጅ ቢሆን እኔም እወስደው ነበር" አለ ኦርቪል ከረጢቱን እያቀበለው። "ግን እሑድ ነበር የምወስደው።" ዴልማር ሳይፈልግ ሳቀ።

ዊልኪን ለሕክምና ወደ ፍሎሪዳ ተላከ። ማርሊስ ካፖርቱን ጠቅልላ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት፤ እዚያ ሙቀት ነው ቢላትም አልሰማችውም። እሑድ እሑድ ይደውላል። ዴልማር ክርንህ ምን ያህል ታጠፈ፣ ጣትህስ ሰማች እያለ እንደ አዋላጅ ይጠይቀዋል። አንዳንድ እሑድ ልጁ ዝም ይላል፤ ያኔ ማርሊስ ስልኩን ትነጥቅና ምን እንደበላ ትጠይቀዋለች። ከዓመት በላይ ቆይቶ መወርወር የጀመረ ሰሞን ኳሱ እንደ ድሮው አልፈጥንለት አለ፤ ክለቡም አሰናበተው። ሁለት እሑድ ሳይደውል ቀረ። በሦስተኛው ደወለና ሌላ ክለብ እንደወሰደው፣ አሁን በፍጥነት ሳይሆን በማታለል እንደሚወረውር ነገራቸው።

በቀጣዩ በጋ ያ ክለብ ጀልበኞቹን ሊገጥም ወደ ኬልበርን መጣ። ዊልኪን ቀይ መለያ ለብሶ ከሜዳው መሐል ሲቆም ዴልማር ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከኋላ ያሉት ተቀመጥ አሉት፤ አንዱማ የማን ወገን ነህ ብሎ ጠየቀው። ኦርቪል "ተዉት፣ እኔ ነኝ የባላጋራውን ልጅ ውደድልን ያልኩት" አላቸው።

የጀልበኞቹ አንድ ጎረምሳ የዊልኪንን ሁለተኛ ኳስ በዱላው መትቶ እስከ አጥሩ ላከው። ሜዳው ሲጮህ ዴልማር ብቻውን ራሱን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ግን ልጁ ቀስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚሰምጥ ኳስ አመጣ፤ መቺዎቹ ኳሱ ሳይደርስ ዱላ እያወናጨፉ አንድ በአንድ ተመለሱ። ማርሊስ የያዘችውን ሹራብ መሥራቷን አቁማ ነበር የምታየው። ኳሱን ሳይሆን ክርኑን።

ከጨዋታው በኋላ ቤት ወሰዱት። ገና ከበሩ ማርሊስ እጅጌውን ሰብስባ ጠባሳውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እንደ ለጋ ጨረቃ የጎበጠ ረጅም መስመር ነው።

"ያምሃል?"

"ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ፣ ዶኛ። ከሬዲዮው ቀድሜ አውቃለሁ።"

ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ገበታ ላይ ቀረቡና፣ የአሳማ ጥብሱንና በቆሎውን እየበሉ፣ የሁለቱንም ክለብ ልጆች አነሱ ጣሉ፤ የትኛው ትልቅ ቦታ ይደርሳል፣ የማን ትከሻ አያዛልቅም፣ ያ አጥር ድረስ የመታው ጎረምሳ ስሙ ማነው። ዊልኪን እሱ ይደርሳል አለ፤ ዴልማር ገና ነው አለ፤ ልጁ "የተመታሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የማውቀው" ብሎ አሳቀው። ጥብሱ ቀዝቅዞ ማርሊስ ደግማ አሞቀችው።

የቡድኑ አውቶቡስ በማለዳ ነበር የሚነሳው። ባልና ሚስቱ ሊሸኙት ወርደው መንገዱ ዳር ቆሙ። ዊልኪን የማርሊስን ጉንጭ ስሞ፣ ዴልማርን በሁለቱም ክንዱ አጥብቆ ይዞ፣ ወጥቶ በእነሱ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጠ። አውቶቡሱ የቀሩትን ተጫዋቾች ጠብቆ ሲነሳ ዴልማር እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ። ልጁ ግን ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቀድሞ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።