እርሜን ላውጣ

እኔን የሚጥለኝ በሽታ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ ጅቡቲ ውስጥ በእኔ በእልፍነሽ ላይ ያልተወራ የለምና። ጋኔን አለባት አሉ። አረፋዋ የነካው ሰው ይያዛል አሉ። ድንቄም! የባቡር ሹማምንት የሚለብሱትን ነጭ ሱሪ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተኮስኩት በነዚህ እጆቼ ነው፤ እስካሁን አንድም ሱሪ ሲንፈራገጥ አላየሁም።

ካውያ ቤቴ ቡላኦስ ሰፈር ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት የከሰል ካውያ። በሽታዬ ሊመጣ ሲል የተቃጠለ ጨርቅ ይሸተኛል። የልብስ ተኳሽ ዕጣ፣ አስቡት! ወይ ሸሚዙ እየነደደ ነው፣ ወይ እኔ ልወድቅ ነው። ስለዚህ ሳላጣራ ካውያውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጥና መሬት ላይ ጋደም እላለሁ። ሸሚዙ ከሆነ ተነስቼ ራሴን እሰድባለሁ። እኔ ከሆንኩም ተነስቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ይኼን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። "መውደቅሽ ካልቀረ ቦታ መርጠሽ ውደቂ" ትለኝ ነበር። ሌላው ሰው ስወድቅ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ይደቅናል፤ ከንፈሬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ደግነት ነው። እሷ ግን በጎኔ አስተኝታ፣ ነጠላዋን ከራሴ ሥር አድርጋ፣ እስክነቃ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

እናቴ የምትኖረው ሞጆ ነው። ባቡሩ በዚያ ማለፍ ከጀመረ ወዲህ በየወሩ ቄስ አስጽፋ ደብዳቤ ትልክልኛለች። እኔ ፊደል አልለይም፤ የሚያነብልኝ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ተክለወልድ ነው። ደብዳቤዋ ሁልጊዜ "በዚህ ወር ስንት ጊዜ ወደቅሽ? እንዳትዋሺኝ" ብሎ ይጀምራል። ሰላምታ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ግን የደብዳቤው ጠባይ ተለወጠ። "እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ" ብቻ ሆነ።

"ተክሌ፣ እስቲ ከላይ ጀምረህ አንብበው" አልኩት።

"ይኸው ነው እኮ፣ እቴ። ደህና ናት።"

"ስለ መውደቄ አልጠየቀችም?"

"እንዳትጨነቂ ብላ ይሆናላ!"

እንዳልጨነቅ! እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። እንቅልፍ ሳጣ ደግሞ እወድቃለሁ። በሦስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ወደቅሁ፤ ድሮ በዓመትም ያን ያህል አልወድቅ። ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ይይዘኝ ጀመር። የወንድሜ ሚስት አሰገደች በመጣች ቁጥር "አትናደጂ፣ አትደንግጪ፣ ቀስ" ትላለች። ሲያወሩ ቆይተው እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ተክለወልድም እኔ ዘንድ ሲመጣ ከሳጥን የወጣ ነጭ ልብስ ለብሶ ነው፤ የእጥፋቱ መስመር ገና አልጠፋም። ከእኔ ዓይን እጥፋት ያመልጣል? ምነው ስለው "ለክብርሽ ነው" አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሐምሌ ገባ፤ ያ አሸዋ የሚበትነው ነፋስ በር ያስዘጋን ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ አጣቢው ዓብዱሰመድ ጥቅሉን ተሸክሞ መጣ። የመን ነው አገሩ፤ አማርኛውን የተማረው ከእኔ ነው፣ ስድቡን ጭምር። ጥቅሉን ፈታሁት። የፈረንጅ ሸሚዝ፣ የገበታ ጨርቅ፣ ከሥር ግን ጥቁር ቀሚስና ጥቁር እጀ ጠባብ። ጥቁር ሆነው የተገዙ አይደሉም፤ ነጭ የነበሩ፣ ቀለም የተነከሩ ናቸው። የቀሚሱ ጥለት ከጥቁሩ ሥር ይታያል። ያን ጥለት ለአሰገደች ሰርግ የተኮስኩት እኔ ነኝ።

"ዓብዱሰመድ፣ ይኼ የማን ነው?"

"የወንድምሽ ቤት..." አለና ፊቱ ተለወጠ። "ያ ረቢ! እሱን ወደ ሌላ ካውያ ቤት ውሰደው ብለውኝ ነበር። ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምወስደው። ዛሬ ረሳሁት።"

ወይ የኔ ወገን! ለቅሶን ከልብስ ተኳሽ ይደብቃሉ?

አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ተክለወልድና ሚስቱ አብረው ጥቁር የሚለብሱለት ሰው ከእናታችን ሌላ የለም። መውደቅ የሚገባኝ ያን ጊዜ ነበር። አልወደቅሁም፤ ተናደድኩ። ካውያውን አጋልኩና ሁለቱንም ልብስ ተኮስኳቸው፣ አንድ ሽብሽብ ሳላስቀር። ከዚያ አጣጥፌ ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

"ልብሳችሁ ደርሷል" ብዬ ጭናቸው ላይ አኖርኩት።

አሰገደች አፏን ያዘች። ተክለወልድ ልብሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "እቴ፣ ያየሽ ሐኪም ድንጋጤ አይንካት ብሎ ነው። እማዬን አጥቼ አንቺንም ልቅበር? ደብዳቤውን ከራሴ እየፈጠርኩ ነው ያነበብኩልሽ፤ ሙት ዓመቷ ሲደርስ ልንነግርሽ ነበር።"

"ሦስት ወር ሙሉ 'ዕድሜ ስጣት' እያልኩ ስጸልይ ኖሬአለሁ! ነፍስ ይማር ያላላት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ታውቃለህ?"

"ብትወድቂስ?"

"ብወድቅ እነሳለሁ! 'ደህና ናት' እያላችሁ አምስት ጊዜ ጥላችሁኛል። እስቲ ደግሞ ሞታለች በሉኝና ልየው!" ወደ በሩ ዞርኩ። "አሁን ከአፍህ የወጣውን አልሰማሁም። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዛችሁ ኑ፤ እንደ ሰው መርዶ አርዱኝ። እርሜን አወጣለሁ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ በሽታዬን ደብቄ አላውቅም፤ የሚደብቁት እነሱ ናቸው፣ ሐዘኔንም ጨምረው።

ያን ማታ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ። ፍሙን አጠፋሁ፣ ካውያዎቹን ደጅ አወጣሁ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ደርቤ አነጠፍኩ። በቤቱ ያለውን ክብሪት ሁሉ ለዓብዱሰመድ ሰጠሁት። ቦታ መረጥኩ።

ሲነጋጋ መጡ። ፊት የገቡት አቶ ወልደየሱስ ናቸው፤ የአገራችንን ሰው እዚህ የሚያስታርቁም፣ የሚያረዱም እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ተክለወልድና አሰገደች ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ጎረቤትም ተከትሎ ገባ። አቶ ወልደየሱስ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ፣ ልጄ፣ እናትሽ በፋሲካ ሰሞን ትንሽ አሟቸው..."

"ሞተች በሉኝ፣ አባቴ። ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱብኝ።"

ሽማግሌው ተክለወልድን አዩ። ከዚያ እኔን። "ሞተዋል፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ጮህኩ። ደረቴን መታሁ። "እናቴ! ስንት ጊዜ ወደቅሽ የሚለኝ ማነው እንግዲህ? እናቴ!" ቤቱ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። ሦስት ወር ታምቆ የነበረ ሁሉ ወጣ። እንዲያ እያለቀስኩ ሳለ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። በቤቱ ግን እሳት የለም።

"ልወድቅ ነው። ክብሪት የጫረ ወዮለት!" አልኩና በጎኔ ተጋደምኩ።

ስነቃ አፌ ደም ደም ይለኛል፤ ምላሴን ነክሼዋለሁ። ከራሴ ሥር ነጠላ አለ፣ የአሰገደች ነው። ከንፈሬን ዳሰስኩ፤ የነካኝ የለም። ሰው ግን ቆሟል። አቶ ወልደየሱስ ጫማቸውን አጥልቀው "በቃ፣ ለቅሶው ይቁም፣ ልጅቱ ትረፍ" ይላሉ። ተክለወልድ "ፈርቼ ነበር እኮ፣ ይኼንኑ ነው የፈራሁት" እያለ ራሱን ይዟል።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

"ስድስት" አልኩ።

"ምን አልሽ፣ እቴ?"

"ከፋሲካ ወዲህ ስድስተኛዬ ነው። እናቴ ትጠይቀኝ ነበር፤ አልዋሻትም።" ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ዙሪያዬን አየሁ። "ተቀመጡ። ማንም ከዚህ አይሄድም። እናቴን አልቅሼ አልጨረስኩም።"

አቶ ወልደየሱስ ጫማቸውን መልሰው አወለቁ። ተክለወልድ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ "ቀስ" አላለኝም። ያን ጊዜ ሁለታችንም የእናታችን ልጆች ሆነን አለቀስን።