ማን ማን ውስጥ ገባ

ሁለት ወንዞች በሚቀላቀሉበት በዚያ መንደር የቀረው ሰው አሥር ነው። ሌላው ቤቱን ቆልፎ ሄዷል። ታዲያ አሥር ሰው ተፋቅሮ የሚኖር ከመሰላችሁ ተሸውዳችኋል። አምስቱ "ቀዩ ወንዝ ነው ጥቁሩ ውስጥ የሚገባው" ይላሉ፤ አምስቱ ደግሞ "ኧረ ጥቁሩ ነው ቀዩ ውስጥ የሚገባው" ብለው ወይ ፍንክች። ወንዞቹ እንደሆነ ደንታም የላቸው፤ ቡናማ ሆነው ቁልቁል ይወርዳሉ።

ጀልባ ቀዛፊው የጥቁሩ ወገን ነው። ሚስቱ የቀዩ ናት። በዚህ የተነሳ ተኳርፈው የዋሉበትን ቀን ቤት ይቁጠረው።

አንድ ቀን፣ ወደ ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ ሊቋረጥ ነው ተባለ፤ አሥር ነዋሪ ፈርሞ ካመለከተ ብቻ ይቀጥላል። ሚስቲቱ ኩላሊቷን የምትታጠበው ከተማ ነው።

"አውቶቡሱ ከቀረ እኔም እዚያው ከተማ ልጄ ጋ እቀራለሁ" አለችው ቁርጥ አድርጋ። ይወዳታል እኮ፣ ግግም ያለ ሰው ቢሆንም።

ማመልከቻውን ራሱ ጻፈው፦ "ቀዩ ወንዝ ጥቁሩ ውስጥ በሚገባበት መንደር የምንኖር..." የቀዩ ወገኖች አንብበው እስክሪብቶውን መለሱለት።

"እንዲህ የሚባል መንደር አላውቅም" አሉት ጡረተኛዋ መምህርት። ቁጭ ብለውም የራሳቸውን ጻፉ፦ "ጥቁሩ ወንዝ ቀዩ ውስጥ በሚገባበት መንደር..." ሚስቱም እዚያኛው ላይ ፈረመች።

አጅሬ አልተጨነቀም። አምስትና አምስት አሥር ነው፣ ይኼን ማን ይክዳል ብሎ ሁለቱንም ወረቀት አንድ ፖስታ ውስጥ ከቶ ለትራንስፖርት ቢሮ ላከ።

ቢሮ ግን የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ፦ "ሁለቱም መንደሮች አምስት አምስት ነዋሪ ብቻ ስላላቸው አገልግሎቱ አይገባቸውም።" ለነገሩ ቢሮው እውነቱን ነው፤ ምንም አይገባቸውም።

በመጨረሻው አውቶቡስ ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ ተሳፈረች። እሱ ከታች ቆሞ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል። መስኮቱን ከፈተችለት።

"አንተ ሰውዬ፣ 'ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት' ብለህ ብትጽፈው ምን ነበረበት? ሁላችንም እንፈርም ነበር።"

አሰበ። እውነቷን ነው። "አዎ፣ አጥፍቻለሁ፣ አትሂጂብኝ" ሊላት አፉን ከፈተ።

"እሱስ ልክ ነሽ" አላት፤ "ግን የሚገባው ቀዩ ነው።"

መስኮቱን ዘጋችው።