የመምሬ ደምሴ ሁለተኛ አፍ

የመምሬ ደምሴ ጉሮሮ መጀመሪያ እምቢ ያለው ቆሎን ነው። ቀጥሎ እንጀራን፣ ቀጥሎ አጥሚትን። ጠበሉ እንኳ በአፍንጫቸው ተመልሶ ሲወጣ፣ ባለቤታቸው ብዙነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ቄስ ቀድሶ ሳይቆርብ አይወጣም፤ መዋጥ ያቃተው ቄስ እንዴት አድርጎ ይቀድስ? መምሬ መቅደስ መግባት ተዉ። ይሄኔ የጉና ሥራ ፈት ሁሉ "ምን ቢበድሉ ነው ቁርባኑ የሸሻቸው?" ይባባል ጀመር። ምላሱን ይቁረጠውና!

መምሬን ያስጨነቃቸው ረኃቡም ሞቱም አልነበረም። "ሥጋ ወደሙ ሳልቀበል ልሞት ነው፣ ብዙነሽ" ይላሉ፤ ሌላ ወሬ የላቸውም።

እሷ ግን የፈለገችው ባሏን ነው። በበቅሎ አስቀምጣ ደብረ ታቦር ወሰደቻቸው። ጣሊያን ከምሽጉ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ያክም ነበርና። ወንድሟን ገሳይ በተባለው ቦታ የገደሉ ሰዎች ደጅ መቆም እንዴት እንዳንገበገባት እሷ ታውቃለች። ሐኪሙ መረመረ፤ አስተርጓሚው የሱፍ፣ ምጽዋ ሲነግድ ቋንቋውን የለመደ የከተማው ነጋዴ፣ ዓይኗን ሳያይ ነገራት።

"እታለም፣ የጉሮሮ ነቀርሳ ነው ይላል። ወደ ታች ወርዶ ከልብና ከሳንባ ጋር ተጣብቋል። እንዲህ ያለውን ለማውጣት ደረት ከፍቼ አውቃለሁ፤ የነቃልኝ ግን የለም ይላል። የሚችለው ጨጓራቸውን በስቶ የጎማ ቱቦ ማስገባት ነው። በዚያ ታበያቸዋለሽ።"

"ይድናሉ?"

የሱፍ ለሐኪሙ እንኳ አላስተረጎመም። "አላህ ያውቃል። ክረምቱን ቢያዩ ነው" አላት።

ሐኪሙ ቀደደ፣ ሰፋ። ቁስሉ ሲጠግግ ባልና ሚስት ጎማቸውን ይዘው ጉና ተመለሱ። ጎረቤቱ "ጣሊያን ሁለተኛ አፍ አወጣላቸው" ብሎ ደጃቸውን ሸሸ። ብዙነሽም ብትሆን ያን አፍ ፈራችው። ወተት ስታፈስበት ያጉረመርማል፤ ጫፉ የታሰረበትን ክር ስትፈታው ይተነፍሳል። ጓዳ ሆና ትሰማው ጀመር። ስሟን የጠራት ይመስላትና "አቤት!" ብላ ብቅ ስትል፣ መምሬ ተኝተዋል።

ቢሆንም ጉልበታቸው ተመለሰ። ጉሮሯቸው ምግብ ሳያልፍበት ሲሰነብት እብጠቱ ቀለል አለና አንድ ቀን ጉንጭ ውኃ ዋጡ። ዋጡ! ብዙነሽ እልል ልትል ስትል መምሬ ቀደሟት፤ "አባ ሞላን ጥሪልኝ።"

አባ ሞላ የነፍስ አባታቸው ናቸው። መጥተው ጎማውን አዩ። የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋም። "በአፍ የገባው በዚህ ቢወጣስ? ክቡር ደሙ መሬት ቢነካ ምን እንመልሳለን?" አሉ።

"አጥብቄ አስረዋለሁ" አሉ መምሬ። "ከዚያ ወዲያ አይፈታም።"

"እስከ መቼ?" አለች ብዙነሽ።

"አይፈታም አልኩሽ እኮ።"

"ምን ሊበሉ ነው ታዲያ? በጉንጭ ውኃ ሊኖሩ?"

"መብላቱንማ በላሁ። አንቺ አበላሽኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ተይኝ።"

"ለጠላት እጅ የነሣሁት ሊሞቱብኝ ነው?" ብላ ጮኸች። ካገቧት ጀምሮ ጮኻባቸው አታውቅም።

እሑድ አብረው ቆረቡ፣ እንደ ቄስና ሚስቱ ወግ። አባ ሞላ ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ አድርገው ሥጋውን ሰጧቸው፤ ደሙን ዲያቆኑ አቀበላቸው። መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ። እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገባ። በሠርጋቸው ቀን እንኳ ፊታቸው እንዲህ ሲበራ አላየችም፤ ቀናች ቢባል ውሸት አይደለም።

ቤት ገብተው ጋደም አሉ። እሷም ምንም አልቀመሰች፤ እሳቸው ሳይበሉ እህል እንዴት ይውረድላት? ሆዳቸው ሲጮህ ትሰማለች። ያ ጎማ ታስሮም ይጠራታል። ብዙነሽ። ብዙነሽ። ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አልተዋትም። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አንጀቷ አልችል አለ። ወተት አሞቀች፤ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጠብቃ ክሩን ፈታች።

ወተቱን ሳታፈስ ቀይ ነገር መዳፏ ላይ ፈሰሰ።

ደርቃ ቀረች። ነቀርሳው አልፎ አልፎ ይደማል፤ የመምሬ ደም ይሆናል። የጌታም ይሆናል። በምን ትለየው? በጣቶቿ መሐል አልፎ መሬት ሊነካ ነው። ጎንበስ አለችና አፏን ከጎማው ጋር ገጠመች። ዋጠች። መዳፏን ላሰች፤ ጣቶቿን ላሰች። ሙቅ ነበር፤ ጨው ጨው ይላል።

ቀና ስትል መምሬ ነቅተው እያዩዋት ነው።

"ወደቀ?" አሉ።

"አልወደቀም።"

"የት ሄደ?"

ቀይ ከንፈሯን በጣቷ ነካች።

"ከቁርባን ወዲህ እህል ቀምሰሻል?"

"አንቱ ሳይበሉ?"

የመምሬን ቁጣ ስትጠብቅ፣ እሳቸው ኩታቸውን ገለጥ አድርገው ጎማውን ራሳቸው ያዙላት። "እንግዲያ ጾመኛ አፍ ተቀብሎታል። በይ፣ ወተቱ ሳይቀዘቅዝ" አሉ።

ክረምቱን አዩ፤ መስከረምንም አዩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዙነሽ የዕለቱን የመጨረሻ ጣሳ ወተት ሳታፈስላቸው እህል በአፏ አልዞረም። ደሙ እንደገና ቢወጣ እህል የቀመሰ አፍ እንዳያገኘው ነው። ነገሩን በንስሐ የሰሙት አባ ሞላ "ልጄ፣ ያ የዚያን ዕለት ነበር። አሁን የሚወጣው የባልሽ ደም ብቻ ነው፤ ብዪ" ይሏታል። "እሺ አባቴ" ትላለች፤ ጾሟን ትውላለች። መምሬ ሲቀበሩ ቃሬዛውን ተከትላ ስትሄድ ያዩዋት ሰዎች፣ ከሁለቱ የከሳችው እሷ ነበረች ይላሉ።