ከመረቡ ውስጥ የበቀሉ አሥራ ሁለት ችግኞች

በችግኝ ጣቢያው «ጠጠሬ» ይሉታል። ዕድሜውን የፈጀው የጫካ ሙዝ ዘር ሲፈለፍል ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ሙዝ ዘር የለውም፣ የጫካው ግን ሆዱ ሙሉ ጥቁር ጠጠር ነው። ድሮ በስብሰባ መሀል ተነስቶ፣ «ይሄ ቅጠል የሚያዥጎረጉረው ቫይረስ ከእናትየው በዘርም ይተላለፋል» ቢል፣ የጣቢያው ኃላፊ የሆነው ዶክተር «ወንድሜ፣ አንተ ውሃህን አጠጣ» አለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለጡረታው አንድ ዓመት ሲቀረው ከታመመች የጫካ ሙዝ ዘር ለቀመ። ተባይ እንዳይተርፍበት አፈሩን ቀቀለ፣ ጥግ ባለችው፣ ነፍሳት በማታስገባው መረብ ቤት አሥራ ሁለት ችግኝ አበቀለና በሩን ቆለፈ። ቫይረስ ከቅጠል ቅጠል የምታዛምት አንዲት ክሽክሽ ብትገባ «ቫይረሱን ያመጣችው እሷ ናት» ይሉታላ! እነሱ ሰበብ አያጡም። ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ።

ታናሽ እህቱ እሑድ እሑድ ምሳ ታመጣለት ነበር። እሱን የሚጠይቅ ሌላ ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የደበቅከው? እስቲ ልያት!»

«ወዲያ በይ! ቀሚስሽ ላይ ክሽክሽ አይጠፋም።»

«እኔ ነኝ ደግሞ ተባያም?» አለች አንድ እሑድ። ሳህኑን የመረብ ቤቱ በር ደፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ሳህኑን አጥቦ መደርደሪያ ላይ ሰቀለው። ምሳውን ከመረቡ ውጭ ቁጭ ብሎ፣ ችግኞቹን እያየ ብቻውን ይበላ ጀመር።

በስድስተኛው ወር ከአሥራ ሁለቱ ችግኞች ሁለቱ ዥጉርጉር ቅጠል አወጡ። እየሮጠ ዶክተሩ ቢሮ ገባ።

«ማን አየ?» አለ ዶክተሩ።

«እኔ!»

«ሌላስ? ሰው እንዳልገባ ማን ይመሰክራል?»

«ማንም ድርሽ አላለም። አላስገባሁማ!»

«እንግዲያው የሚመሰክር የለም።» ዶክተሩ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር።

ያን ጊዜ እህቱ ትዝ አለችው። ሳህኑን ይዞ ሄዶ በሯን አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። መስክሪልኝ። መረቡ ውስጥ ማንም እንዳልገባ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»



«እመሰክራለሁ» አለች በሩን ሳትከፍት። «የእናቱን ልጅ እንኳ አላስገባም እላለሁ። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

በሩ እስኪከፈት ቆሞ ጠበቀ። ኮቴዋ ወደ ጓዳ ሲርቅ ሰማ።

ሳህኑን በሯ ደፍ ላይ አስቀመጠና ችግኞቹን ሊያጠጣ ተመለሰ።