ሽማግሌው በቆመበት የተተከለ ሰሌዳ

አስተማሪያችን «ንባብ ክፍል ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ውጭ ወጥታችሁ ተፈተኑ» ብላ እኛን ፊደል የምታስተምረንን ጎልማሶች በአንድ ሚኒባስ ሽማግሌው ወደነበረበት ወሰደችን። ሽማግሌው ሰው አይደለም። ከመንገዱ በላይ ጎንበስ ብሎ የቆመ፣ ከተማው ሁሉ አቅጣጫ የሚጠቁምበት ቋጥኝ ነበር። ከሦስት ወር በፊት በድማሚት ፈረሰ። የማን እጅ እንዳፈረሰው በሰፈራችን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከእኔ በቀር።

ልጄ ነው። ለሰፈሩ ሾፌር ነኝ ይላል እንጂ ድንጋይ በስቶ ድማሚት የሚቀብረው እሱ ነው። ቋጥኙ ከወገቡ ተሰንጥቆ ከሥሩ ባሉት ቤቶች ላይ ሊወርድ እንደነበር ነግሮኛል። «እማዬ፣ እስክንጋባ ድረስ ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብሎም አስምሎኛል። የሚያገባው የልብስ ሰፊዋን ልጅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው አጠገቤ ነው። ሟች ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገራት ከሽማግሌው ጥላ ሥር ነበር። የፈረሰ ዕለት በሴቶች ፊት «ያፈረሰው እጁ ይቆረጥ!» ብላ ረገመች። ሁሉም «አሜን» አሉ። ዝም ብል ይነቃብኛል ብዬ እኔም አሜን አልኩ። በገዛ ልጄ ላይ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በገባ ቁጥር፣ ሰላም ሳልለው ዓይኔ ወደ ጣቶቹ ይሄዳል።

ስንደርስ ሽማግሌው የቆመበት ባዶ ሰማይ ሆኗል። ታች የተፈጨ ነጭ ጠጠር፣ የሽቦ አጥር፣ በዚያው ሳምንት የተተከለ የብረት ሰሌዳ። በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆነው ፀጉር አስተካካይ ዙሪያውን ቃኘና «ዋናው ድንጋይ ሄደ፤ እኛ ድንጋዮቹ ቀረን» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ የሰሌዳውን ፊደል ቀድሜ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስለነበር አልሳቅኩም። «ሥራውን የሠሩ» ከሚለው በታች የልጄ ስም ከነአባቱ ተጽፏል።

በክፍላችን ደንብ አንዱ እስኪሳሳት ያነባል፤ ሲሳሳት አጠገቡ ያለው ከዚያው ቃል ይቀጥላል። የቀረው በጣቱ ይከተላል።

«እስቲ አንቺ ጀምሪልን» አለችኝ አስተማሪዋ።

«ዛሬ ዓይኔን አሞኛል…»

«ያንቺን ዓይን?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ትናንት መርፌዬ ላይ ክር ያስገባሽልኝ አንቺ አይደለሽ? አትግደርደሪ፣ አንብቢ ባክሽ!»

ጀመርኩ። «ይህ ቋጥኝ… በመሰንጠቁና… ከሥሩ ለሚኖሩ… ሠላሳ ቤተሰቦች… አስጊ በመሆኑ…»

ብሳሳት ቀጥላ የምታነበው እሷ ናት። ባልሳሳት የማነበው እኔው ነኝ። መስመር ልዝለል ብል ያ ሁሉ ጣት ሰሌዳው ላይ ተደርድሯል። ከኋላዬ አጥሩ፣ ከጎኔ እሷ፤ ትንፋሿ ትከሻዬን ይነካኛል። የልጄን ስም ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከእሷ አፍ ተቆራርጦ ከሚወጣ ከእኔ አፍ ሙሉውን ይውጣ አልኩና ሳልንተባተብ አነበብኩት።

ጣቶቹ ሁሉ ቆሙ።

«ተሳስተሻል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ድገሚው።»

«ኧረ አልተሳሳተችም» አለች አስተማሪዋ፣ ነገሩ ሳይገባት። «ጎበዝ፣ እንዲያውም!»

ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ እኔ የገባሁት መጨረሻ ነበር፤ የተረፈው ወንበር ደግሞ ከእሷ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ተቀመጥኩ። ጉልበታችን ተነካክቶ፣ ማናችንም መሸሻ አጥተን፣ ብዙ ሄድን። መስኮቱ አይከፈትም።

«ስረግም አሜን ብለሻል» አለችኝ ወደ ውጭ እያየች።

«ብያለሁ።»

«በራስሽ ልጅ? ምን ዓይነት እናት ነሽ አንቺ?»

«የፈራች።»

እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች። «ልጄስ ታውቃለች?»

«እኔ እንጃ» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

«ነገ ይምጣ» አለች። «ብቻውን። የረገምኩትን እጅ ልየው።»

«አይተሽስ ምን ልትዪው ነው?»

የማይከፈተውን መስኮት ልትከፍት ታገለች። መኪናው ቁልቁለቱን ይዞ ነበር፤ ሰፈራችን እስክንደርስ መውረድ አይቻልም።