እናቴ በስልሳ ሁለት ዓመቷ ልጅ ለመነች

እናቴ በስልሳ ሁለት ዓመቷ ልጅ ፍለጋ በፊሊፒንሷ ከተማችን በኦባንዶ ስትጨፍር ሰፈሩ በሙሉ አይቷታል። እኔ አንድያ ልጇ ዳሊሳይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በጃንጥላ ተሸሽጌ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር።

በየዓመቱ ግንቦት ልጅ ያጡ ሴቶች ከቅድስት ክላራ ምስል ኋላ እየጨፈሩ ይለምናሉ። እኔም የተወለድኩት እናቴ እንዲሁ ጨፍራ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሟ፣ "መድኃኒቱ ልጅ የሚፀነስባቸውን እንቁላሎችሽንም ሊጎዳቸው ይችላል። ግን ከመጀመራችን በፊት ሁለት ሳምንት አለን፤ በመርፌ አሳድገን፣ አውጥተን፣ አቀዝቅዘን እናስቀምጥልሻለን" አለችኝ።

"ባል የለኝ፣ መርፌ እፈራለሁ። መጀመሪያ ልዳን" አልኳት።

"እስከ ዓርብ አስቢበት።"

እናቴን ለሰው ትንፍሽ እንዳትል አስማልኳት። ዓርብ ዕለት እሷ ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልላ ሰልፉ ውስጥ ገባች።

"አንቺ ሶሌዳድ! በዚህ ዕድሜሽ?" ጎረቤታችን እትዬ ቻሪንግ በሳቅ ሞተች። "ለመሆኑ አባቱ ማነው?"

"ካርዶ ነው፣ ባለባጃጁ" አለች እናቴ ቀሚሷን እያወዛወዘች።

ሰባ ዓመት ሊሞላው የደረሰው ካርዶ፣ እዚያው ቆሞ የሚበላው ሩዝ ትን አለው። "እኔ? ኧረ በቅድስት ክላራ!"

"ዝም በል፣ እየጸለይኩ ነው!"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። የእኔን ምስጢር ልትጠብቅ መሳቂያ ሆና፣ እያነከሰች ትጨፍራለች። መዳን ብቻ ሳይሆን ከዳንኩ በኋላ እናት መሆንም እንደምፈልግ ያኔ ገባኝ።

ጃንጥላዬን ጥዬ ገባሁ። "ለእኔ ነው የምትጨፍረው! ካንሰር የያዘኝ እኔ ነኝ!"

እትዬ ቻሪንግ አፏን በእጇ ያዘች። ቀጥላ የእኔን ክንድ ያዘች። "ታዲያ ምን ይገትርሻል? ወገብሽን ነቅነቅ አድርጊው እንጂ!"

ጨፈርን። ካርዶም ከእፎይታው ብዛት ጨፈረ፤ ክሊኒኩ ሳይዘጋ በባጃጁ ያደረሰንም እሱው ነው።

ሐኪሟ የመጀመሪያውን መርፌ እያዘጋጀች፣ "ዋስትና ግን የለውም፤ እንቁላሎቹ አንድ ቀን ልጅ ላይሆኑ ይችላሉ" አለች።

እናቴ ጉልበቷን እያሸች፣ "ክላራም ያኔ ዋስትና አልሰጠችኝም" አለች። "ይኸው ይቺ መጣች። በሉ ይውጓት ዶክተር፣ ብትጮህም አይስሟት።"